«ዌልስ ገጠር ምን ሊታይ?» ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እንግሊዝ አገር በምንኖር ሐበሾች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ደረሰኝ። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ በእረፍት ቀናችሁ ልጆች ይዛችሁ ወደ ዌልስ ገጠር አትሂዱ። ከበግና ከድንጋይ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ግንቦቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ኪስ ያራቁታል። መኪና ለሌለው አይሞከርም። ዝናቡ አያስወጣም። ሰዉ በራሱ ቋንቋ እያወራ እንግዳ ያርቃል። ለሐበሻ የሚሆን ምንም የለውም። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ የግድ ካላችሁ ስኖውዶን ተራራን በስኒከር ወጥታችሁ ፎቶ ተነሱና ተመለሱ የሚል ምክር አለበት።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለክፋት እንዳልጻፉት ግን ያስታውቃል። ሳምንቱን ሙሉ ሽፍት ሲሠራ የከረመ ሰው ያለችውን አንዲት ቀን እንዳያቃጥላት አስበው ነው። እኔም የምጽፈው ለዚያችው ቀን ተጨንቄ ነው። የምኖረው በርሚንግሃም ነው፤ ዌልስ ጎረቤታችን ነው። ልጆቼን ይዤ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ጽሑፉን አምነው የሚቀሩ ቤተሰቦች ምን እንደሚያመልጣቸው ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ከበግና ከድንጋይ በቀር የሚታይ የለም» ከሚለው ልጀምር። ሌላው ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች አናት ላይ ብላናቨን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ቢግ ፒት የሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ አለ። በ1980 ሥራ አቆመ፤ በ1983 ለጎብኚ ተከፈተ። ሙዚየም ሲባል በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ ዕቃ አይምሰላችሁ። ሄልሜት ታደርጋላችሁ፣ ባትሪው ወገባችሁ ላይ ይታሰራል፣ መብራቱ ግንባራችሁ ላይ ይሰካል። ስልክ፣ የባትሪ ሰዓት፣ ክብሪት፣ ላይተር ሁሉ ላይ ይቀራል። ጋዝ በእሳት ብልጭታ እንዳይፈነዳ የወጣው ደንብ ዛሬም ለጎብኚ ይሠራል። ከዚያ ሠራተኞቹ ይወርዱበት በነበረው ሊፍት 90 ሜትር ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ አሉ። ትከሻቸውን ጎንበስ አድርገው ሲሄዱ ጣሪያው የት ላይ ዝቅ እንደሚል እግራቸው ያውቀዋል።

መሿለኪያው መሃል አንድ የእንጨት በር አለ። አስጎብኚው እዚያ አቆመንና «መብራታችሁን አጥፉ» አለ። ሁላችንም አጠፋን። እጄን ዓይኔ ፊት አደረግኩ፤ ምንም የለም። ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። እሱ በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ ያወራል። ድሮ እዚህ በር ሥር የሚቀመጠው የስድስት የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ጋሪ ሲመጣ በሩን ይከፍታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል፤ አየሩ በትክክል እንዲዘዋወር። ቀኑን ሙሉ እንዲህ በጨለማ። ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶችን ከመሬት በታች ማሠራት የተከለከለው በ1842 በወጣ ሕግ ነው። መብራቱ ሲበራ ልጄ በሩን አተኩራ ስታይ ነበር። ትንሽ አለፍ ብሎ የፈረሶቹ ጋጣ አለ፤ ከየጋጣው በላይ የፈረሱ ስም ተጽፏል። እነዚያን ስሞች አንድ በአንድ ስታነብ ብዙ አስቆየችን። ከየትኛው የመዝናኛ ፓርክ ነው ልጅ እንዲህ ሆኖ የሚመለሰው?

ሁለተኛው ለእኛ ለበርሚንግሃም ሰዎች የተለየ ነው። ቡና የምናፈላበት፣ ልጅ የምናጥብበት የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከዌልስ ገጠር ነው። ኢላን ሸለቆ ይባላል፤ ራያደር ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በርሚንግሃም በፋብሪካ ሕዝብ ተጨናንቃ በቆሻሻ ውሃ በሽታ ታልቅ ነበር። ከተማዋ በ1892 በፓርላማ ሕግ አስወጥታ ሸለቆውን ወሰደች። ከ1893 ጀምሮ ግድቦቹ ተሠሩ፤ በ1904 ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ መረቃቸው። ውሃው 73 ማይል የሚጓዘው ያለ ምንም ፓምፕ ነው። ሸለቆው ከበርሚንግሃም ከፍ ስለሚል ቁልቁለቱ ብቻ ይገፋዋል፤ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ለዚህ ሲባል 100 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተነሡ። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ውሃ ውስጥ ቀረ። ካሳ ያገኙት ባለ መሬቶቹ ናቸው፤ ጭሰኞቹ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ቧንቧ ሲከፍቱ ባያድጉ ደስ ይለኛል።

በዚሁ አካባቢ ጊግሪን በሚባል እርሻ ከሰዓት በኋላ ለቀያይ ጭልፊቶች ሥጋ ይበተናል። በ1930ዎቹ በመላው ብሪታንያ የዚህ ወፍ ጥቂት ጥንዶች ብቻ ቀርተው ነበር፤ የቀሩትም እዚሁ መካከለኛ ዌልስ ነበር። ዛሬ ሰማዩን ሞልተው በመቶዎች ይወርዳሉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጭልፊት ከእጁ ዳቦ ሲነጥቀው ያስታውሳል፤ ልጆቹ ግን አያውቁትም። አሳዩአቸው።

ሰሜኑን በወፍ በረር ላንሣ። ፌስቲንዮግ የሚባለው የባቡር መስመር በ1836 ሲከፈት የተራራውን የጣሪያ ድንጋይ ወደ ፖርትማዶግ ወደብ ያወርድ ነበር። ሞተር አልነበረውም። ጭነቱ በራሱ ክብደት 13 ማይል ተኩል ይወርዳል፤ ፈረሶቹም መጨረሻ ላይ ባለች ጋሪ ተሳፍረው ይወርዱና ባዶዎቹን ፉርጎዎች ወደ ላይ ይጎትታሉ። ዛሬ በእንፋሎት ባቡር እዚያው መስመር ላይ መሄድ ይቻላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ታይዊን ላይ ያለው የታሊሊን ባቡር ደግሞ በ1951 ሊዘጋ ሲል በጎ ፈቃደኞች የታደጉት ነው። በዓለም ላይ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ከመዘጋት የተረፈ የመጀመሪያው የባቡር መስመር እሱ ነው።

«ግንቦቹ ሁሉ አንድ ናቸው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ የከመረው ድንጋይ ነው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ኮንዊ፣ ካርናርቮን፣ ሃርሌክና ቦማሪስ የኤድዋርድ 1ኛ ሥራዎች ናቸው። ዌልስን ድል አድርጎ እንዳታንሰራራ የቸነከረባት ናቸው። ግን የዌልስ መሳፍንት ራሳቸው የሠሯቸውም አሉ። ላንቤሪስ ላይ ያለው ዶልባዳርን ታላቁ ልዌሊን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራው ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። የልጅ ልጁ ልዌሊን የገዛ ወንድሙን ኦዋይንን ከሃያ ዓመት በላይ ያሰረው እዚህ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል። ወህኒ አምባ ላይ ስለታሰሩት የነገሥታት ልጆች ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

ጸሐፊው ጨርሰው ያልነኩት ደግሞ ፔንሪን ካስል ነው፤ ባንጎር አጠገብ። መካከለኛው ዘመን ይመስላል እንጂ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ባለቤቶቹ ፔናንት የሚባሉ ቤተሰብ ነበሩ። ሀብታቸው የመጣው ከጃማይካ የሸንኮራ እርሻና ከዌልስ የድንጋይ ማውጫ ነው። በብሪታንያ ግዛቶች ባርነት ሲቀር ጆርጅ ሄይ ዶውኪንስ-ፔናንት ለ764 ሰዎች 14,683 ፓውንድ ካሳ ተከፈለው። ካሳው ለባለቤቱ ነው፤ ለተገዙት ሰዎች ሰባራ ሳንቲም አልደረሰም። ግንቡን ዛሬ የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የሚባል የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ይህን አይደብቅም።

እዚያው የፔንሪን ድንጋይ ማውጫ ሠራተኞች ከ1900 እስከ 1903 የሥራ ማቆም አድማ መቱ። አድማው ሲራዘም ከፊሎቹ ወደ ሥራ ተመለሱ። ያልተመለሱት መስኮታቸው ላይ «በዚህ ቤት ከሃዲ የለም» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ጎረቤት ከጎረቤት ተቆራረጠ፤ ቁርሾው ለትውልድ ተረፈ። መካከለኛው ዌልስ ገጠር ውስጥም ቤት ለቤት ይሸመን የነበረ ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ውቅያኖስ ተሻግሮ በባርነት የተያዙ ሰዎች ልብስ ይሆን ነበር። እንግዲህ ጥቁር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን «የማይመለከተን ድንጋይ» ብሎ እንዴት ያልፈዋል?

«ኪስ ያራቁታል»። ጸሐፊው ለማስረጃ ያቀረቡት በገመድ ተንጠልጥሎ የመብረሩን ዋጋ ብቻ ነው። ልክ ነው፣ እሱ ውድ ነው። የእንፋሎት ባቡሮቹም ለአምስት ቤተሰብ ቀላል አይደሉም። ፓፊን የሚባሉትን ባለ ቀለም ምንቃር የባሕር ወፎች ለማየት ወደ ስኮመር ደሴት የሚወስደው ጀልባም ያስወጣል፤ ያውም ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ ሐምሌ ካለቀ ደግሞ ወፎቹ የሉም። ግን ከ2001 ጀምሮ የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየሞች መግቢያ ነፃ መሆኑን ለምን ዘለሉት? ቢግ ፒትም ከእነሱ አንዱ ነው። ወደ ጉድጓዱ ለሚወርደው ጉብኝት ግን ቦታ ቀድሞ መያዝና ክፍያ ካለው ድረ ገጹ ላይ ማየት ይበጃል። ቁመቱ አንድ ሜትር ያልሞላ ልጅም አይወርድም።

ከሁሉም ልጅ ላለው ሰው የምመርጠው ሴንት ፋገንስን ነው። ካርዲፍ ጠርዝ ላይ ነው፣ ውስጡ ግን የገጠር ዌልስ ነው። በ1948 ተከፈተ። ከመላው አገሪቱ ከ40 በላይ ቤቶች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው መጥተው እዚህ ተተክለዋል፦ የገበሬ ቤት፣ ወፍጮ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ጸሎት። ከመርተር ቲድቪል የመጡ ስድስት ተያያዥ የሠራተኛ ቤቶች አሉ። ውስጣቸው እንደየዘመኑ ተሰናድቷል፤ የመጀመሪያው 1805፣ የመጨረሻው 1985። ከአንዱ ወጥታችሁ ወደ ቀጣዩ ስትገቡ ምድጃው ይለወጣል፣ አልጋው ይለወጣል፣ መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥን ይመጣል። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ትኩስ ዳቦ ይሸጣል። ለመኪና ማቆሚያ ይከፈላል፤ ከዚያ ውጭ ምሳ ዕቃችሁን ቋጥራችሁ ከሄዳችሁ ሌላ ወጪ የለም።

«መኪና ለሌለው አይሞከርም»። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። እሑድ ቀን ብዙ አውቶቡስ የለም፤ የመጨረሻው ካመለጠ ማደሪያ ፍለጋ ነው። ኢላን ሸለቆም ቢሆን ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ በመኪና ቢሄድ ይሻላል። ግን «አይሞከርም» አይባልም። ከበርሚንግሃም እስከ አበሪስትዊዝ ባሕር ዳርቻ ሳይቀይር የሚሄድ ባቡር አለ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በትራንስፖርት ፎር ዌልስ ባቡር ከ11 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች ከከፋይ አዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳሉ። ካርዲፍ ያላችሁ ቲ4 አውቶቡስ ይዛችሁ ስቶሪ አርምስ ብትወርዱ ፔን ኧ ቫን ተራራ ግርጌ ናችሁ። በደቡብ ብሪታንያ ከእሱ የሚበልጥ ከፍታ የለም፤ 886 ሜትር ነው። ወደ ብላናቨን ከኒውፖርት አውቶቡስ አለ። ገጠር ባቡር ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ ካልጠየቃችሁ አይቆምም። ውስጥ ከሆናችሁ ለትኬት ተቆጣጣሪው ቀድማችሁ ንገሩ፤ ውጭ ከሆናችሁ እጃችሁን ዘርጉ።

ዝናቡ? ይዘንባል። ደህና የዝናብ ጃኬትና ትርፍ ካልሲ ያዙ። የኢላን ግድቦች ደግሞ የሚያምሩት ከከባድ ዝናብ በኋላ ነው፤ ሐይቁ ሞልቶ በግድቡ ጫፍ ላይ ነጭ ሆኖ ሲፈስ። ከመሬት በታችም አይዘንብም።

«በራሳቸው ቋንቋ እያወሩ ያርቁናል» የሚለው አሳዝኖኛል። ጸሐፊው አንድ ካፌ ሲገቡ ሰዎቹ በዌልሽ ሲያወሩ ሰምተው «ስለ እኛ ነው» ብለው ደምድመዋል። እኛ ለንደን አውቶቡስ ላይ በአማርኛ ስናወራ ከጎናችን ያለው ሰው እንዲህ ሲያስብብን ምን ይሰማናል? በ2021 ቆጠራ መሠረት ከመላው ዌልስ ሕዝብ ቋንቋውን የሚናገረው ከመቶ 18 ያህሉ ነው። ግዊኔዝ በሚባለው የሰሜን ምዕራብ ክፍል ግን ከመቶ 64 ይሆናል። ሰዎቹ እርስዎን ለማራቅ ወደ ዌልሽ አልዞሩም፤ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነሱም ያወሩት እሱኑ ነው።

ደግሞም በዋዛ የተረፈ ቋንቋ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ ዌልሽ ሲያወራ የተገኘ ልጅ አንገት ላይ እንጨት ይንጠለጠል ነበር። ከእነዚያ እንጨቶች አንዱ በሴንት ፋገንስ ስብስብ ውስጥ አለ። በ1965 ደግሞ ዌልሽ ብቻ የሚነገርባት ካፔል ኬሊን የምትባል መንደር ለሊቨርፑል ውሃ ተብሎ ተጥለቀለቀች። ከዌልስ የፓርላማ አባላት አንድም የደገፈው አልነበረም፤ ሆኖም ሕጉ አለፈ። ባላ ከተማ አጠገብ ያለውን ያን ሐይቅ ሂዳችሁ እዩት። ቋንቋቸውን ጠብቀው ማውራታቸው ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ስለ ዓይን ግን አልዋሽም። ገጠሩ ነጭ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ዞር ብሎ የሚያይ አለ። አፍጥጦ የሚያይም ገጥሞኛል፤ ደስ አይልም። ልጆቼን ከዚያ የተነሣ ቤት አላስቀምጥም። ተራራውም ታሪኩም የእነሱም ነው፤ እዚህ አገር ነው የተወለዱት።

«ለሐበሻ የሚሆን የለም» ለሚለው፣ ቢያንስ ጠበል የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ባይባል ጥሩ ነበር። ፍሊንትሸር ውስጥ ሆሊዌል የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የቅድስት ዊኒፍሬድ ጠበል አለ። ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰው ይሳለመዋል። በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዘመን ገዳማት ሁሉ ሲዘጉ እንኳ አልተቋረጠም። ውሃው ከምድር ይፈልቃል፤ በተወሰኑ ሰዓታት ሰው ዛሬም ገብቶ ይጠመቅበታል። ፈውስ ያገኙ ትተውት የሄዱት የድሮ ክራንች እዚያው አለ። በምዕራቡ ጫፍ ደግሞ ሴንት ዴቪድስ አለች። ከ2,000 ያነሰ ሰው ይኖርባታል፤ ካቴድራል ያላት ሲሆን «ሲቲ» የሚል የትልቅ ከተማ ማዕረግ አላት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሮማው ጳጳስ ካሊክስተስ 2ኛ እዚህ ሁለት ጊዜ መሳለም ሮም አንድ ጊዜ እንደመሄድ ይቆጠር ብለው ነበር። የዌልስ ጠባቂ ቅዱስ ዴቪድ ውሃና ቅጠላ ቅጠል ብቻ እየተመገበ እንደኖረ ይነገራል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ፣ እናቱ ቅድስት ኖን በማዕበል መካከል ወለደችው የሚባልበት ቦታና ጠበሉ አለ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ምግቡን ከቤት ያዙ። የዌልስ ኬክ ቅቤና እንቁላል አለው። ድንች ጥብስ በእንስሳት ስብ የሚጠብሱ ቤቶች ስላሉ ጠይቁ።

የቀረው የስኖውዶን ምክር ነው። ሌላውን ሁሉ በአስተያየት ልዩነት ላልፈው እችል ነበር፤ ይሄን ግን አልችልም። ዌልሾቹ ኧር ዊዝቫ የሚሉት ይህ ተራራ 1,085 ሜትር ነው። የራስ ዳሸንን ቁመት ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አይሞኙ። ከታች ፀሐይ ሆኖ አናቱ ላይ ጭጋግና የሚገፈትር ንፋስ ሊሆን ይችላል። በብርዱ ወራት መንገዱ በረዶ ይሆናል። ቀላል የሚባለው የላንቤሪስ መንገድ እንኳ ደርሶ መልስ 9 ማይል ነው፤ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከ1896 ጀምሮ የሚሠራው ባቡር አለ፤ በብርዱ ወራት ግን እስከ አናቱ አይወጣም። ደክሞኝ በባቡር እወርዳለሁ ብሎ መውጣትም አይሆንም፤ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ክሪብ ጎክ የሚባለውን በሹል የተራራ ጠርዝ ላይ የሚሄድ መንገድ ከልጅ ጋር አትሞክሩት፤ ሰው ይሞትበታል።

ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ሞቅ ያለ ልብስ፣ ካርታ፣ የእጅ ባትሪና ምግብ ያዙ። የአየር ሁኔታውን ለታች ከተማው ሳይሆን ለተራራው አናት የተነበየውን እዩ። ተራራው ሥር ፔን-ኧ-ፓስ የሚባል ቦታ ያለው መኪና ማቆሚያ በጎብኚ ወቅት ቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፤ ካልሆነ ሼርፓ የሚባለው አውቶቡስ ተራራውን ይዞራል። አደጋ ከደረሰ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ቡድን ጠይቁ። የሚመጡላችሁ ሰዎች ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከሥራቸውና ከእራታቸው ተነሥተው ነው የሚመጡት።